የያኔት ሰላምታ

ይድረስ ለወንድሜ ለመኮንን፣

የጎንደሩ ሥራ ተስማማህ ወይ? እኛ እዚህ ቡራዩ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን።

ልጄ ያኔት አንደኛ ክፍል ገብታለች። አንተ በአራት ዓመቷ ፊደል ስላስቆጠርካት፣ መጀመሪያ ሰሞን መምህሯ ጠይቃ ሳትጨርስ ትመልስ ነበር። መምህሯም «ለሌሎቹም ዕድል ስጪ» ብላ ኋላ አስቀመጠቻት። እኔም «ልጆቹ እንዳይጠሉሽ ዝም በይ» አልኳት።

አሁን ከአሥር አራት ታመጣለች። ደብተሯን ብገልጠው፣ ትክክለኛውን መልስ በላጲስ አጥፍታ ስህተት ጽፋበታለች። መምህሯ ግን «አሁን ከልጆቹ ጋር ተግባባች» ብላ ደስ ብሏታል።

ዛሬ «ለአጎትሽ ሰላምታ ጻፊለት» ብዬ እርሳስ ብሰጣት፣ «መጻፍ አልችልም፣ እማ» አለችኝ። የእሷንም ሰላምታ እኔው ጽፌልሃለሁ።

በደህና ያገናኘን።

እህትህ የወይንሐረግ