በመድረክ ላይ ስለታየችው ማሰሮ

ለ«ጣዕመ ጎዳና» የበጎ አድራጎት እራት አዘጋጅ ኮሚቴ ክቡር ሰብሳቢ
አሶሳ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ቅዳሜ ማታ ለእኛ ለጎዳና ምግብ ሻጮች ሲሉ ያን ሁሉ በልተው ስለደከሙ ሆድዎን እንዳያምዎ ስንሰጋ ሰንብተናል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን፤ የምንሸጥበት ዕቃ ስለሌለን እረፍት ላይ ነን።

አይናለም እባላለሁ፤ የፓዌ ሰፋሪዎች ልጅ ስሆን በገበያው መግቢያ ሳምቡሳ እጠብሳለሁ። ከጎኔ ኢቲዳል የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ትሸጣለች። ኢቲዳልን ላያውቋት ይችላሉ፤ እራቱ የተዘጋጀው ለእርሷና ለመሰሎቿ ነበር። ምስጋናዬን በዝርዝር እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

፩ኛ/ ሐሙስ ጠዋት አስተባባሪዎችዎ የእንግዶች ዓይን እንዳይረበሽ ብለው የስድስታችንንም ምድጃ፣ ድስትና ማሰሮ በአንድ ጭነት መኪና ጠራርገው ስለወሰዱልን እናመሰግናለን። መንገዱ በእውነት አምሮበታል። የጎዳና ምግብ ሻጮችን ለመርዳት አስቀድሞ ጎዳናውን ከእነርሱ ማጽዳት እንደሚገባ እኔ አላዋቂዋ አላውቅም ነበር።

፪ኛ/ እራቱ በተዘጋጀበት ሆቴል በር ላይ ማንቆርቆሪያ ይዤ እንግዶችን እንዳስታጥብ ስለጠሩኝም ክብር ተሰምቶኛል። እንግዶቹ የሚበሉት በሹካ ስለነበር እጃቸውን የዘረጉልኝ ፎቶ እስኪነሱ ድረስ ብቻ ነው። ኢቲዳል ግን የጥሪ ካርድ ስላልያዘች ከአጥሩ ውጭ ቆማ አመሸች። ከሁለት ሳምንት በፊት ሁለቱ ሼፎችዎ፣ አቶ ሰራዊትና ወይዘሮ ሳሌም፣ ከዱካዋ ላይ ተቀምጠው ገንፎዋን እየበሉ አሠራሯን በደብተር ሲጽፉ ካርድ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም።

፫ኛ/ ሁለቱ ሼፎች ተጋግዘው ያቀረቡት ገንፎ አውራ ጣት ታክላለች። እርሷም ብትሆን አልኮመጥጥ ስላለቻቸው ሎሚ ጨምቀውባታል፤ ባሚያው አረፋ ሆኗል፤ ሳምቡሳዬም ለሁለት ተሰንጥቆ ማንጎ ተቀብቷል። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው። አንድ ትልቅ ሰው ዓይናቸውን ጨፍነው ጎረሱና የድሃ ኑሮ እንዲህ የሚጣፍጥ መሆኑን ባለማወቃቸው ከልብ አዘኑ።

አራተኛውን በቁጥር ልጽፈው አልቻልኩም።

የኢቲዳል ማሰሮ ውስጧን ሳሙና አይነካውም። ኢቲዳል የገንፎውን ሊጥ ስታቦካ ሁልጊዜ ጥቂት ከግርጌዋ ታስቀራለች፤ የነገው በዛሬው ይቦካል። ይህን እርሾ ከነማሰሮው የተቀበለችው ከእናቷ ሲሆን አንድ ቀን እንኳ ተቋርጦ አያውቅም። ደንበኛ ከጎህ ጀምሮ የሚሰለፈው ለዚያ ኮምጣጣ ጣዕም ነው። ያቺን ማሰሮ ቅዳሜ ማታ መብራት በርቶባት፣ አበባ ተሰክቶባት መድረክዎ ላይ አየኋት። አቶ ሰራዊት እየዳሰሷት የጎዳናው ነፍስ እንደሆነች ሲናገሩ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ማንቆርቆሪያዬን እንደያዝኩ ጠጋ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ሳሙና ሳሙና ሸተተኝ። ክቡር ሆይ፣ ነገሩን በጨዋ ቃል ልሸፍነው አልችልም፤ ከጓሮ ሄጄ አስመለሰኝ። ከምግባችሁ ስላልቀመስኩ የወጣው ሐሞት ብቻ ነበር።

ሰኞ ዕለት ማሰሮዋን በጥብጣብ አስረው፣ የምስጋና ወረቀትም ጨምረው ስለላኩልን ባለውለታዎ ነን። ኢቲዳል እጇን እስከ ማሰሮዋ ግርጌ አስገብታ ዳሰሰች፣ አሸተተችም፣ ከዚያም ለአስተባባሪዎ እንዲህ ብላ መለሰችለት፦ «ይሄ የኔ ማሰሮ አይደለም። የኔ ማሰሮ ሽታ አለው።» እርሱም ይበልጥ እንደጸዳ በትዕግሥት አስረዳት።

እርሾ ከጎረቤት ይለመናል ይሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ ከእኛ መካከል ገንፎ የሚሸጡት ሌሎች ሁለት ሴቶችም በየጊዜው የሚለምኑት ከእርሷ ነበር። የእነርሱም ማሰሮ በዚያው መኪና ሄዶ፣ በዚያው ሳሙና ታጥቦ ተመልሷል፤ ምድጃችን ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ኢቲዳል ከዚያ ቀን ጀምሮ ባዶ ማሰሮ ፊት ለፊት ትቀመጣለች። ለደንበኞቿ ዛሬ የለም ትላለች፤ ነገስ ሲሏት ግን ማሰሮዋን አዘንብላ ባዶ ግርጌዋን ታሳያቸዋለች።

ስለዚህ ኮሚቴዎ ወደፊት በሚያዘጋጃቸው ታላላቅ ግብዣዎች ሁሉ እኛን ከመርዳት እንዲቆጠብልን፣ ከእግርዎ ሥር ወድቄ በትሕትና እለምናለሁ።

በእርስዎ ደግነት ሥራ ፈትታ ይህን ለመጻፍ ጊዜ ያገኘች፣ እጅዎን ለማስታጠብ ዘወትር ዝግጁ የሆነች፣

አይናለም፣ ከገበያው መግቢያ፣ ምድጃዋ ከነበረበት ቦታ

ማሳሰቢያ፦ ወይዘሮ ሳሌም ትናንት ሰው ልከው፣ አሠራሩን አንድም ሳያጎድሉ ተከትለው ሳለ ገንፏቸው የኢቲዳልን ሊመስል ያልቻለው ምን ቢጎድለው እንደሆነ በአክብሮት ጠይቀዋል። የጎደለው ማሰሮዋን ያጠባችሁበት የሆቴሉ ፍሳሽ ቦይ ውስጥ አለ፤ ማንኪያ ይዘው ይውረዱ።