ጌታነህ ታናሹን ያስታጠበበት ገና

አየልዬ፣ የልጆቼ አባት፣

ከተለየኸን ዓመት ሊሞላን ነው። ነፍስህን ከደጋጎቹ ጋር ያሳርፍልኝ። እኛ ደህና ነን። ገብሱ ዘንድሮ ደህና ያዘ፤ ታላቁ ልጅህ ጌታነህ ብቻውን ወቅቶ አስገባው። የቤቱንም ክዳን በጓሳ ሣር አድሶታል፣ ውርጩ እንደ አምናው አይዘልቅም። ያን የበግ ጠጉር ባናህን የምለብሰው እኔ ነኝ፤ ብዙ ሰው ለምኖኝ ለማንም አልሰጠሁም።

የምጽፍልህ ግን ስለ ገናው ልነግርህ ነው።

መቼም ከአንተ የምደብቀው የለኝም፤ ልጆችህ ተኳርፈው ነበር። አርባህን እንዳወጣን ታናሹ ሙላት ከሚኖርበት ከቀየት መጣና «አባቴ ለእኔ ነው ያለው» ብሎ ዳማውን ፈረስህን ኮርቻ ጭኖ ይዞት ሄደ። ጌታነህ ደግሞ «ፈረስ የበኩር ነው» አለ። አንተ ለማንኛቸው እንዳልክ እኔም አላውቅም። ከዚያ ወዲህ መነጋገር ቀረ። መሐል ሜዳ ገበያ ላይ ፊት ለፊት ተገናኝተው እንደ ባዕድ ተላለፉ ሲሉኝ ተቀምጬ አለቀስኩ። የሰው ጠብ ሲያበርድ የኖረ ሰው ልጆች!

ገና በመጣ ቁጥር የምታደርገውን መቼ እረሳዋለሁ? ከቅዳሴ ተመልሰን፣ በጉ ታርዶ፣ ወጡ ደርሶ፣ ልጆቹ ዐይን ዐይንህን እያዩ፣ አንተ በር ላይ ትቆምና «በሰፈራችን የተጣላ አለ?» ትላለህ። ካለ ሄደህ ሁለቱንም እጃቸውን ይዘህ ታመጣለህ፣ ከአንድ ገበታ ታስቀምጣቸዋለህ። አንድ ዓመትማ ፀሐይ እስክትበረታ ድረስ አስጠበቅኸን። ብነጫነጭብህ፣ «የሺ፣ መላእክት ከእረኞች ጋር የዘመሩት እኮ ሰማይና ምድር ስለታረቁ ነው። ቂም ይዘን ሥጋ ብንበላ ጾሙን ፈታን እንጂ ልደቱን አላከበርንም» አልከኝ።

ዘንድሮ ሁለቱም ለቅዳሴ መጥተው ነበር፤ አንዱ ከቅጥሩ ሥር፣ አንዱ ወዲያ ከጽዱ ሥር ቆመዋል። ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር ቀድሜ የደጀ ሰላሙን በር ያዝኩ።

«ሙላቴ፣ ዛሬ የምትፈስከው ከአባትህ ቤት ነው» አልኩት።

«እማዬ ተይኝ፤ ቤቴ ይጠብቁኛል።»

«እንግዲያው እኔም ጾሜን አልፈታም።»

ያውቀኛል። አንገቱን ደፍቶ ተከተለኝ።

ቤት ገብተን ተቀመጥን። ጌታነህ መሬት መሬቱን ያያል፤ ሙላት በሩን ያያል። መሶቡን አልከፈትኩም። እንደ አንተ መናገር አይሆንልኝም፤ ብቻ «አባታችሁ የለም። እንግዲህ እኔ ልጠይቅ፤ በዚህ ቤት የተጣላ አለ?» አልኩ። ወጡ ቀዘቀዘ።

ጌታነህ ተነሣ። ጥሎን የሚወጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የማስታጠቢያውን ማንቆርቆሪያ አንሥቶ ሙላት ፊት በርከክ አለ። አየልዬ፣ ታላቅ ለታናሹ! በእኛ አገር ይህን ማን አይቶ ያውቃል?

ሙላት ብድግ ብሎ «ኧረ በማርያም! እኔ እያለሁ፣ ወንድም ጋሼ!» እያለ ሊቀማው ታገለ። ጌታነህ አልለቀቀም።

«ጌታ ከሰማይ ወርዶ በበረት ተኝቷል። እኔ ከወንድሜ ፊት ዝቅ ብል ምን ይቀርብኛል? እጅህን አምጣ» አለው።

ሙላት እጁን ዘረጋ። ሲታጠብ እንባው ከውኃው ጋር ይወርድ ነበር። ከዚያ እሱም ታላቁን አስታጠበ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ማን ለማን እንደሰጠ አላየሁም፤ ፊቴን በነጠላዬ ሸፍኜ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ላይ ገና ሲመታ ሁለቱ በአንድ ወገን ሆነው ተጫወቱ። ጌታነህ ጉልበቱን ተመትቶ እስከ ማታ ቢያነክስም ይስቅ ነበር። ፈረሱን ሙላት ራሱ መልሶ አመጣው፤ ጌታነህ ደግሞ «ለጥምቀት አንተ ታቦቱን አጅብበት» ብሎ ሰጠው። ከጥምቀት ወዲህ እኔ ጋ ነው ያለው፤ የፈለገ ይወስደዋል።

ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎረቤቶች በግጦሽ ተጣልተው ጌታነህን «አስታርቀን» ብለው መጡ። ዕድሜው ገና ነው ብዬ ነበር። ከመካከላቸው ተቀምጦ አንዱን ሳያቋርጥ ሲሰማ፣ ሌላውን በትዕግሥት ሲጠይቅ ከጓዳ ሆኜ አየሁት። እንዲያ ኮርቼ አላውቅም፤ በእሱም በአንተም። መሬት ለልጅ ያወረሰ ብዙ ነው፤ አንተ ግን ይህን አወረስካቸው።

ሙት ዓመትህ ሲደርስ ካህናቱ ስምህን ይጠሩታል፤ ልጆችህም ጎን ለጎን ቆመው ይሰሙታል። እኔ ደግሞ በሕይወት እስካለሁ ድረስ፣ የልጅ ልጆችህ ልደት ምን እንደሆነ ሲጠይቁኝ፣ የቤተልሔሙን ነግሬያቸው ስጨርስ ያንተን እነግራቸዋለሁ።

ያንተዋ የሺ