በአበጀ ስም የተመዘገበችው መኪናዬ

ሰኞ፣ ጥር 4። ጠዋት፣ ሩዝ መፈልፈያው ቤት ሥራ ሳልገባ

ደብተሬ ሆይ፣ ተነሥተህ ስማ፤ ከባድ መርዶ ነው። የወረታ ብቸኛው መኪና ፈጣሪ፣ ት/ቤትን ከ8ኛ ክፍል በገዛ ፈቃዱ ያሰናበተው ወዳጅህ፣ ዛሬ በቁሙ ተዘርፏል። ለቅሶ ደራሽ ንፍሮውን ይዞ ይምጣ።

ቅዳሜ ከመፈልፈያው ጎን ባለው ሜዳ የወጣቶች የፈጠራ ትርኢት አለ። ዝርዝሩ መፈልፈያው በር ላይ ተለጥፏል። መኪናዬ አለችበት። ሽንኩርት ማሳ ላይ ከተጣለ የውሃ ሞተር የሠራኋት፣ ሁለት ክረምት የለፋሁባት! የሠሪ ስም፦ አበጀ። አብሮ አደጌ። ብሎን አቀብለኝ ስለው እንኳ ቁጥሩን የሚስት። ሦስቴ አነበብኩት። አልተለወጠም።

ረቡዕ 6

ጠየቅሁት። ፎርሙ 10ኛ የጨረሰ ይላል፣ ለኛው ብዬ ነው፣ መድረክ ላይ ስምህን እጠራለሁ አለ። ዐይኔን ሳያይ። ቀድመህ ብትነግረኝ ምላስህ ይቆረጥ ነበር? "አይዞህ ኢንጂነር፣ ክራቫት ልፈልግልህ?" አልኩት። ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። እራት ግን አልወርድ አለኝ። እማዬ ወባ ነው ብላ ግንባሬን ዳሰሰች።

ዓርብ 8፣ ከሰዓት በኋላ

አንድ ነገር አደረግሁ፤ አትፍረድብኝ። መፈልፈያው ቤት መዘውሩ በተቃራኒው እንዲዞር ሲፈለግ ቺንጋው፣ ከሞተሩ ጋር የሚያገናኘው የጎማ ቀበቶ፣ አንዴ ተጠምዝዞ ይጠለቃል፣ እንደ ስምንት ቁጥር። እዚያ የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። 10ኛ የጨረሰ አያውቀውም። የመኪናዋን ቺንጋ ጠምዝዤ አጠለቅሁት። ሂሂ።

ቅዳሜ 9

ሕዝቡ ግጥም ብሏል። አበጀ ኮት ለብሷል፣ የአጎቱን። ስሙ ተጠራ፣ ተጨበጨበለት። የኔን አልጠራም። ጠበቅሁ እኮ፣ ተረከዜን አንሥቼ። ሞተሩን አስነሣ፣ ነዳጅ ሰጣት። ሽው፣ ወደ ኋላ! የሩዝ ገለባው ክምር ውስጥ ተቀበረች። ከአበጀ የሚታየው ጆሮው ብቻ።

የትርኢቱ ዳኛ መኪናዋ ምን ሆነች ብትለው ገለባ እየተፋ ጣቱን ወደኔ ቀሰረ። "እኔን አይጠይቁኝ፣ የሠራት እሱ ነው!"

ሰማህ ደብተሬ? ወደ ፊት ስትሄድ የሱ፣ ወደ ኋላ ስትሄድ የኔ።

ሜዳው ሁሉ ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ። እኔ!

እሑድ 10

ቺንጋውን አቀናሁት። ስሜን በቀለም ጻፍኩባት፤ የመጨረሻው ፊደል ተንጋደደ፣ ይሁን። ነገ እስከ ሐሙሲት ከተማ እነዳታለሁ። አበጀ ካጥሩ ማዶ ቆሞ ያስላል፣ እንድጠራው። አልዞርኩም። መኪናዋ ሁለት መቀመጫ ነበራት። የሱን ፈታሁት።

ከባድ መርዶ ያልኩህን እርሳው፤ ትንሽ ነገር ነው። አራት ብሎን ብቻ።