የጨፌ ማዶን ፌርማታ ስላለማፍረስ

ጳጉሜን ፩ ቀን ፲፱፻፸፮ ዓ.ም.
ባሕር ዳር

ለተከበሩ ጓድ መርስዔ ኀዘን
የከተማ አውቶቡስ መስመር ማስፋፊያ አጥኚ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ባሉበት

የተከበሩ ጓድ ሰብሳቢ፣ ይህ ክረምት ከነቤተ ሰብዎ በደኅና አሻግሮዎት እንደሆነ ለማወቅ ያለኝ ጉጉት ከፍ ያለ ነው። ጉንፋን እንዳልነካዎት፣ እግርዎም ጭቃ እንዳልረገጠ ከመኪናዎ ንጽሕና ተረድቼ አምላኬን አመስግኛለሁ። እኛም ከዓባይ ድልድይ ማዶ የምንኖር ሦስት መቶ ሰባ የጨፌ ማዶ አባወራዎች እስካሁን ቆመናል፤ መቆሙንም ለምደነዋል። ስምዎ ኀዘንን የሚያስረሳ ማለት እንደሆነ ግእዝ የቀመሰ ሁሉ ያውቃል። እኔ ኀዘኔን ገና አልረሳሁም፤ ነገር ግን ስም ያወጡልዎ አባትዎ ናቸውና በዚህ አልወቅስዎትም።

እኔ ዳኘው አዘዘ እባላለሁ፤ ሥራዬ አናጢነት ነው። ትምህርቴ ዳዊት መድገም ላይ ያቆመ፣ ኋላም በማታ ትምህርት እስከ አምስተኛ ክፍል የተገፋ ስለሆነ፣ በአጻጻፌ ግድፈት ቢያገኙ ከድፍረት ሳይሆን ከእውቀት ማነስ ይቁጠሩልኝ። ድፍረቱ ሌላ ቦታ አለ፤ ሲደርሱበት ያገኙታል። ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ በመላክ ፈንታ ፌርማታው ምሰሶ ላይ መለጠፌም ንቀት አይምሰልብኝ። ከዚህ በፊት ያስገባናቸው ሦስት ማመልከቻዎች መዝገብ ቤትዎ ውስጥ ተመቻችተው ተኝተዋል፤ አራተኛው ግን እንደ እኛው ቆሞ መልስ ይጠብቅ ብዬ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ አላፊ አግዳሚ በአጭሩ ላስረዳ። ከተማችን ያላት አንድ አውቶቡስ ከገበያው ተነሥቶ እስከ ድልድዩ አፍ ይመጣና ከዚያው ይመለሳል። ከድልድዩ አፍ እስከ ጨፌ ማዶ በእግር ሃምሳ ደቂቃ ነው። ለኮሚቴው ሁለት ሐሳብ ቀርቦለት ነበር፤ አንዱ መስመሩ ድልድዩን ተሻግሮ እኛ ዘንድ እንዲደርስ፣ ሌላው ወደ ሐይቁ ዳር ታጥፎ እስከ እንግዶች ማረፊያው እንዲሄድ። ዓመት ከተከራከሩበት በኋላ ባለፈው ሰኔ ሁለተኛው ጸደቀ። ባለፈው ማክሰኞ ደግሞ፣ እኔ የሠራሁት ፌርማታ «ያለ ፈቃድ የተተከለና ሰፊውን ሕዝብ አውቶቡስ ይመጣል ብሎ የሚያሳስት» ስለሆነ፣ ለአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል መንገዱ እንዲጸዳ፣ እስከ ጳጉሜን ፫ በገዛ እጄ እንዳፈርሰው ትእዛዝ ደረሰኝ። ስለሆነም ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ/ ስለ ቆጠራው። በየካቲት ወር በአንድ እሑድ፣ ከጧቱ ሁለት ሰዓት እስከ ስድስት ሰዓት፣ ቆጣሪዎ መንገዳችን ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ሊሆን የሚችለውን ሰው ሁሉ ሲመዘግብ ውሎ አራት ሰው አገኘ። ለሥራ ጥራቱ አድናቆቴን እገልጻለሁ። በዚያው እሑድ፣ በዚያው ሰዓት፣ እርስዎ ራስዎ ስለ አውቶቡሱ ሊያወያዩን ቀበሌው አዳራሽ ጠርተውን ነበር። የቀረ ሰው ከኅብረት ሱቁ ስኳር እንደማያገኝ ስለተነገረን፣ አዳራሹ ሞልቶ በመስኮት የተንጠለጠለም ነበር። ሰኔ ላይ ውጤቱን በዚያው አዳራሽ ሲያነቡልን፣ ባለ ሱቁ ጎረቤቴ ዓብደላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «አራቱ ግን እነማን ይሆኑ?» አለኝ። አጣራን። ሁለቱ ስብሰባው ረፍዶባቸው የሚሮጡ፣ ሦስተኛው ስኳር የማይቀምስ መናኝ፣ አራተኛው ለቆጣሪው ምሳውን ያመጣለት ሰው ነበሩ።

፪ኛ/ ስለ ነዳጅ እጥረት። አገር የተቸገረችበት ነገር ስለሆነ በዚህ አልቀልድም። ብቻ የዓብደላን የእጅ ሰዓት ተውሼ ስመለከት፣ አውቶቡሱ ድልድዩ አፍ ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ሃያ አምስት ደቂቃ ይቆማል። እኛ ዘንድ ደርሶ ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል። ሾፌሩን፣ «ምን ትጠብቃለህ?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሰዓቱን» አለኝ። «ሰዓቱስ ማንን ይጠብቃል?» ስለው፣ እሱን ኮሚቴውን ጠይቅ ብሎኛልና፣ ይኸው በአክብሮት ጠይቄአለሁ።

፫ኛ/ ስለ መንገዱ። «ለአውቶቡስ አይመችም» ተብሏል። ከየካቲት እስከ ሰኔ፣ በዓል ያልዋለበትን ቀን እየመረጥን፣ ሴት ወንዱ ወጥተን ድንጋይ አንጥፈንበታል። የዓብደላ እኅት ሐሊማ ረመዳኗን እየጾመች ድንጋይ ስታመላልስ፣ የኛ ሰዎች በእሷ አፍረው ዕረፍት አልወጡም። በዚሁ መንገድ ላይ ጥጥ የጫኑ ከባድ መኪናዎች በየቀኑ ያልፋሉ። የጭነት መኪና የቻለ መንገድ አውቶቡስ ሲያይ ብቻ የሚሰምጥ ከሆነ፣ ይህ እኔ ያልደረስሁበት ሳይንስ ነውና ትምህርት እንዲሰጠን እጠይቃለሁ።

፬ኛ/ ወደ እንግዶች ማረፊያው ስለተዘረጋው መስመር ምንም ቅሬታ የለኝም። እንግዶቹ ሁሉ መኪና ከነሾፌሩ ስላላቸው አውቶቡሱ ባዶውን ሄዶ ባዶውን ይመለሳል። ወንበሮቹ እንደ አዲስ ናቸው።

፭ኛ/ አምስተኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም፤ በራሴ ላይ ነው። ቢሆንም የተፈጸመው በእርስዎ ፊት ስለሆነ እንዲያነቡት ይገባል።

ባለቤቴ ሙሉነሽ፣ በክርስትና ስሟ ወለተ ሩፋኤል፣ በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ክር ክፍል አሥራ ሁለት ዓመት ሠርታለች። በየጧቱ ከሰፈሩ ሴቶች ጋር እስከ ድልድዩ አፍ በእግሯ ትሄዳለች፤ ማታም እንደዚያው ትመለሳለች። አምና በግንቦት ወር የአውቶቡሱ ጥያቄ መጀመሪያ ሲነሣ፣ ሰፈሩ እኔን መርጦ ወደ ኮሚቴዎ ላከ። እርስዎም፣ «ጥያቄው ለከርሞ ይተላለፍ፤ ተቃዋሚ አለ?» አሉ። ተቃዋሚ መባል ምን ሊያስከትል እንደሚችል እርስዎም ያውቃሉ፤ እኔም አውቃለሁ። እጄን ጭኔ ላይ እንዳደረግሁ ቀረሁ። ቃለ ጉባኤው «በሙሉ ድምፅ» ይላል፤ በዚያ ሙሉ ድምፅ ውስጥ የእኔ ዝምታ አለበት። ቤት ስገባ ሙሉነሽ፣ «ምን አልህ?» አለችኝ። «ምንም» አልኋት። ጫማዋን እያወለቀች፣ «እግሬ ሰምቶሃል» አለች። ሁለተኛ አላነሣችውም።

በዚያው ዓመት በነሐሴ ዝናብ ሲመታት ውሎ ገብታ ተኛች። ሐኪሙ ኋላ የሳንባ ምች ነው አለን። በቃሬዛ ተሸክመን ድልድዩን ስናሻግራት አውቶቡሱ ወዲያ ማዶ ሞተሩን እንዳስነሣ ቆሞ ነበር። ሾፌሩ ሲያየን ሮጦ በሩን ከፈተልን። ከድልድዩ ወዲያ ያለውን መንገድ እሱ አደረሳት፤ ወዲህ ያለውን እኛ አድርሰናት ነበር። በሦስተኛው ቀን ዐረፈች። አውቶቡስ ቢኖር ትድን ነበር ብዬ አልከስዎትም። ዕድሜ የሚሰጥና የሚነሣ እግዚአብሔር ነው፤ በእሱ ሥራ ውስጥ ኮሚቴ አላስገባም። የምለው ይህን ያህል ብቻ ነው፦ አሥራ ሁለት ዓመት የተራመደችውን መንገድ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጣ አላየችውም።

ለአርባዋ የተዝካር ዳስ መጣል ነበረብኝ። ዳስ የሚጣለው ደጅ ነው። እኔ ግን ቄሶቹን ለምኜ መንገዱ ዳር፣ ጧት ጧት ባልንጀሮቿን ትጠብቅበት ከነበረው ዋርካ ሥር ጣልሁት። ባሕር ዛፉን እኔ ጠረብሁ፣ ቆርቆሮውን ዓብደላ ከሱቁ ጓሮ አነሣ፣ አግዳሚ ወንበሩን ዕድሩ ሰጠ። ሰው በልቶ ጠጥቶ ነፍስ ይማር ብሎ ሲሄድ ዳስ ይፈርሳል፤ ወጉ ነው። በማግስቱ መዶሻዬን ይዤ ስደርስ ዝናብ ይጥል ነበርና፣ ከፋብሪካ የተመለሱ ሴቶች ውስጡ ተደርድረው ተቀምጠዋል። ሐሊማ፣ «ጋሼ ዳኘው፣ እስኪያባራ» አለችኝ። ይኸው እስኪያባራ ዓመት ሊሆነው ነው። «ፌርማታ» የሚለውን ሳንቃ የጻፍሁትና የሰቀልሁት ግን እኔው ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዳይጠየቅበት።

ዝምታዬን ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ሰባት ቀን ስግደት አዘዙኝ፤ ፈጸምሁ። ለእርስዎ ያልሰጠሁት መልስ ግን እንደቀረ ነው። ሰሞኑን ዳዊቴን ስደግም ሐሳቤ መሐል ላይ ወደ እርስዎ እየሸሸ አስቸግሮኛል፤ ይህ ደግሞ ለዳዊቱም ለእርስዎም የሚገባ ቦታ አይደለም። ኀዘን ነው ወይስ እልኸኝነት ብዬ ራሴን መረመርሁ። እውነቱን ለመናገር ግማሹ እልኸኝነት ሆኖ አገኘሁት። ሌላው ግማሽ ግን ጎረቤቴ ወይዘሮ የብርጓል ናት፤ ለመስከረም የምትደርስ ነፍሰ ጡር ስትሆን፣ ሙሉነሽን የተሸከምንበት ቃሬዛ አሁንም ዕድሩ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይጠብቃታል። ስለዚህ አምና በግንቦት ለጠየቁት ጥያቄ፣ ዓመት ከአራት ወር ዘግይቼ፣ መልሴን እሰጣለሁ። ተቃዋሚ አለ ወይ ብለው ነበር። አለ። እኔ ነኝ።

፮ኛ/ ስለ ማፍረሱ። አላፈርሰውም።

ኮሚቴዎ ሌላ ሰው ልኮ ለማስፈረስ ከወሰነ በክብር እንቀበለዋለን። ጳጉሜን ፫ የሩፋኤል ዕለት ነው፤ የዕለቱ ዝናብ ጠበል ነውና ልጆቻችን ደጅ ወጥተው ይታጠቡበታል። እኔ ዳሱ ውስጥ ተቀምጬ ስለ ወለተ ሩፋኤል ዳዊት እደግማለሁ። ሴቶቹም እንደ ወትሯቸው አግዳሚው ላይ ይቀመጣሉ፤ ተነሡ ብሎ የሚያዛቸው ሰው ካለ ይምጣና በአፉ ይንገራቸው። ምስማሩን የመታሁት እኔ ስለሆንሁ የት የት እንዳለ አውቃለሁ፤ ለማንም ግን አላሳይም። መዶሻ የሚያውስ ሰው ከሰፈራችን ስለማይገኝ ሠራተኞችዎ ከከተማ ይዘው ይምጡ። መኪናው ለበዓሉ ዝግጅት ተይዟል የተባሉ እንደሆነም አይጨነቁ፤ አውቶቡሱ እስከ ድልድዩ አፍ ያደርሳቸዋል። ከዚያ ወዲህ መዶሻውን ተሸክመው በዝናብ ሃምሳ ደቂቃ ብቻ ነው የሚሄዱት። ሲደርሱ ቢደክማቸው ማረፊያ አለን።

ስላስተማሩን ትዕግሥት እያመሰገንሁ፣ መጪው ዘመን ለእርስዎ የጤና፣ ለአውቶቡሱ የጉዞ እንዲሆንለት እየተመኘሁ፣ ባርኔጣዬን አውልቄ ከወንበሬ ግን ሳልነሣ እሰናበትዎታለሁ።

ዳኘው አዘዘ
ከጨፌ ማዶ፣ በቆጠራው ያልተገኘ ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለፌርማታው ምሰሶ
ለቀበሌው አዳራሽ በር
ለወለተ ሩፋኤል፣ ባለችበት

ማስታወሻ፦ ማክሰኞ ዕለት የማፍረሻውን ትእዛዝ ያመጡልኝ የኮሚቴዎ ተላላኪ ከድልድዩ አፍ ጀምሮ በእግራቸው መጥተው ዝናቡ መንገድ ላይ አግኝቷቸዋል። ትልቅ ሰው ናቸው፤ ጥፋቱም የዝናቡ ስለሆነ እንዳይቆጧቸው አደራ። ደብዳቤው እንዳይረጥብ በብብታቸው ይዘው አንድ ሰዓት ያህል ፌርማታው ውስጥ ተጠለሉ። ሲያባራ ትእዛዙን አስፈርመውኝ ብድግ አሉና፣ «ለመሆኑ አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?» ብለው ጠየቁኝ። ስለዚህ ጥናቱ ላይ አራት የተባለውን አምስት ብለው ያርሙልኝ።