እዚያው ሁኚ ያልኳት ሴት

በጣም የምትናፍቂኝ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ? ጉልበትሽስ እንዴት ነው? ጠዋት ጠዋት ያዝ የሚያደርግሽ ነገር ተሻለሽ? የአባባ ሳልስ? ዓይኑን ሊታይ ይሄዳል ብለሽኝ ነበር፤ ሄደ ወይስ እንደ ልማዱ ዛሬ ነገ እያለ ነው? ሁላችሁም በያላችሁበት ጤናችሁ ይብዛልኝ። እኔ ደህና ነኝ ብዬ ብጽፍልሽ ግማሹ ውሸት ይሆናል። ቆሜ እሄዳለሁ፣ እበላለሁ፣ አሁን አሁን ደግሞ እተኛለሁ ብልሽ ይሻላል።

«ስልክ አላነሳ ብላ ፊት ነሳችን፣ ትልቅ ሰው ሆናለች» ማለትሽን እህቴ ጽፋልኛለች። አልፈርድብሽም። ቀኑን ሙሉ የማታውቀውን ሰው ስልክ ስታነሳ ውላ የእናቷን የማታነሳ ልጅ ሌላ ምን ትባላለች? ግን ኩራት አልነበረም። ስልክ ሲጮህ ልቤ ከቦታው ይነሳል፣ ጆሮዬ ጭው ይላል። ደዋይዋ አንቺ መሆንሽን እያየሁ እንኳ እጄ አልታዘዝ ይለኝ ነበር። በወረቀት የመጣሁብሽ ለዚህ ነው።

እህቴን እኔ መሥሪያ ቤት እንዳስገባት የላክሽብኝም መልእክት ደርሶኛል። አላስገባትም እማዬ። ምቀኝነት እንዳይመስልሽ። «ጥላ ሥር ተቀምጦ ስልክ ማንሳት ምን ያደክማል?» ብለሽኝ ነበር፤ ረስተሽው ይሆናል፣ እኔ ግን አልረሳሁትም። ምን እንደሚያደክም ዛሬ ልንገርሽ።

ቤቱ እሳት የተነሳበት፣ መኪና የተገለበጠበት፣ ሚስቱን ምጥ የያዘበት ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው የኛን ድምፅ ነው። አንድ ረጅም ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን ተደርድረን፣ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ አድርገን እንቀመጣለን። ያለበትን ቦታ ጠይቀን መኪና እንልካለን። መኪናው እስኪደርስ ሰውየውን በቃል ደግፈን እናቆየዋለን። ሲደርሱለት ስልኩ ይዘጋል። ዳነ ወይስ ሞተ፣ የሚነግረን የለም፤ ሌላ ስልክ ይጮኻል።

ባለፈው ዓመት አንድ ቀን፣ ከምሳ በኋላ፣ አንዲት ሴት ደወለች። ከምትኖርበት ፎቅ በታች እሳት ተነስቶ ጭሱ በደረጃው ሽቅብ እየወጣ ነበር። ብቻዋን ነች። ስሟን ጠየቅኳት፣ ነገረችኝ። «ልውረድ?» አለችኝ። የኛ ደንብ ግልጽ ነው፤ ደረጃው ጭስ ከሞላ ሰው አይወርድም። በሯን ዘግታ ከሥሩ እርጥብ ጨርቅ እንድትወትፍ፣ ከዚያ መስኮቱ ጋ እንድትቆም ነገርኳት። «እሺ፣ ወትፌዋለሁ። እሺ፣ መስኮቱ ጋ ነኝ» እያለች ያልኳትን ሁሉ አደረገች፤ እንደ ጎበዝ ተማሪ ነው የታዘዘችኝ። ትንሽ ቆይታ እንደገና «ልውረድ?» አለች።

«እዚያው ሁኚ፣ እየደረሱ ነው» አልኳት።

አልደረሱም። ለካ ሰዉ መኪናውን ግራና ቀኝ አቁሞ መግቢያውን አጥብቦት፣ የእሳት አደጋው መኪና ሰፈሯ ድረስ መጥቶ ማለፊያ አጥቶ ቆሟል። የመኪናው ጩኸት በመስኮት ተሰማት መሰለኝ «መጡ፣ ሰማኋቸው» አለችኝ፤ ደስ ብሏት። ከዚያ ሳል ጀመራት። ብዙ ሳለች። በኋላ ሳሉም ቀረ። መስመሩ ግን አልተቋረጠም ነበር፤ ስሟን እየጠራሁ ቆየሁ። አጠገቤ ያለችው ባልደረባዬ ትከሻዬን ነካ አድርጋ ሌላ ሰው እየጠበቀ መሆኑን አሳየችኝ። አነሳሁት። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በር የተዘጋበት ሰውዬ ነው። «እንደምን ዋሉ፣ ምን ልርዳዎት?» አልኩት። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

መሞቷን የነገረኝ አለቃችን ነው፣ ከሥራ ልወጣ ስል። ሁሉም አላለቀም ብሎ ሊያጽናናኝ ይሁን አላውቅም፣ ከዚያው ፎቅ አንድ ጎረቤቷ ጭሱን ጥሶ በደረጃው ሮጦ ወርዶ፣ ክርኑ ብቻ ተልጦ መትረፉን ጨመረልኝ።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞር አለ። በሬን ዘግቼ መተኛት አቃተኝ፤ ክፍቱን ስተወው ደግሞ ሌባ ስጠብቅ አነጋለሁ። አውቶቡስ ውስጥ ሰው ሲስል ከሰማሁ ፌርማታዬ ሳይደርስ እወርዳለሁ። አለቃችን ሻይ ቀንሺ አለኝ። ቀነስኩ። በመጨረሻ አንድ ቀን ማዳመጫውን አድርጌ፣ ሰው በወዲያኛው ጫፍ ሃሎ ሃሎ እያለ፣ አፌ አልከፈት አለኝ። ያኔ ነው ወደ አንዲት የሥነ ልቦና ባለሙያ የላኩኝ። እንድድን አይምሰልሽ፤ ለሥራ ብቁ ናት የሚል ወረቀት ይዤ እንድመለስ ነው።

እብድ ቤት የገባሁ መስሎሽ ደግሞ እንዳትደነግጪ። ክፍሏ ከአንድ ጎማ ጥገና ቤት በላይ ነው፤ ስናወራ ከሥር መዶሻ ይሰማል። እሷ ጠና ያለች፣ መነጽሯን ፀጉሯ ላይ ሰክታ መነጽሬ የት ሄደ የምትል ሴት ናት። በእንቅልፌ ጀመረች። እንቅልፍ እምቢ ካለኝ አልጋ ላይ ስገላበጥ እንዳልቆይ፣ ተነስቼ ወንበር ላይ እንድቀመጥና ዓይኔ ሲከብድ ብቻ እንድመለስ፣ ብተኛም ባልተኛም ጠዋት ሰዓቴን ጠብቄ እንድነሳ፣ ቀን ጋደም እንዳልል አዘዘችኝ። ይሄን ለመስማት ነው እንዴ የመጣሁት ብዬ በሆዴ ሳቅኩባት። ቀስ እያለ ግን ሠራ።

ከባዱ በኋላ መጣ። ዓይኔን ጨፍኜ ያን ስልክ ልክ አሁን እያነሳሁት እንዳለሁ አድርጌ እንድነግራት፣ ስጨርስ ደግሞ ከመጀመሪያው እንድጀምር አደረገችኝ። መጀመሪያ ሰሞን ደረጃዋ ላይ ቁጭ ብዬ አስመልሶኛል። ሴትየዋ «መጡ» ያለችበት ቦታ ስደርስ ዘልዬ ላልፍ እሞክራለሁ። አንድ ቀን እዚያው ላይ አስቆመችኝና መንገዱ መዘጋቱን ያን ሰዓት ታውቂ ነበር ወይ አለችኝ። አላውቅም ነበር። «ታዲያ ዛሬ በምታውቂው ለምን በዚያን ቀኗ ልጅ ላይ ትፈርጂባታለሽ?» አለችኝ። አለቀስኩ፣ እማዬ። ከዚያ ቀን በፊት አላለቀስኩም ነበር።

ሰው መሆን ስጀምር አለቃችን አዲስ ተቀጣሪዎች ወደሚሠለጥኑበት ክፍል ጠራኝ። ስልኮቻችን ሁሉ ይቀዳሉ። በሩን ስከፍት የራሴን ድምፅ ሰማሁ፤ «እዚያው ሁኚ፣ እየደረሱ ነው።» ለጥሩ አሠራር ማሳያ አድርገውት ኖሯል። «መጡ፣ ሰማኋቸው» የሚለው ላይ አቆመውና፣ ወደኔ እያመለከተ መረጋጋት ማለት ይሄ ነው አላቸው። አጨበጨቡልኝ። አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ፣ ሴትየዋ በኋላ መጥታ አመስግናሽ ታውቃለች ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

«ሞታለች» አልኳት። «በደረጃው የወረደው ጎረቤቷ ነው የተረፈው። ይሄንንም ጻፉት።»

አንዳቸውም አልጻፉም። በሳምንቱ ከስልክ ክፍሉ አነሱኝ፤ ለጤናሽ ብለን ነው አሉኝ። አሁን የሠራተኛ ልብስና ጫማ የሚታደልበት መጋዘን ውስጥ ነው የምሠራው። ቅጂውን ዛሬም ያሰማሉ። ስሟን የነገረችኝን ቦታ ብቻ ቆርጠው አውጥተውታል፤ ጨዋነት ነው አሉ።

ባለፈው ሰኞ ባለሙያዋን አማክሬ ሴትየዋ ወደሞተችበት ሕንፃ ሄድኩ፣ በጠራራ ፀሐይ። እንደ አዲስ ቀለም ተቀብቷል። በመስኮቷ የሌላ ሰው አንሶላ ለፀሐይ ተሰጥቷል። እሷ ፎቅ ድረስ ወጣሁና፣ ተመልሼ እሷ ልትወርድበት የነበረውን ደረጃ ወረድኩ። ሳላውቀው አለቀ። ትንፋሼ እንኳ አልተቆራረጠም። እንዲህ አጭር ደረጃ ነው፣ እማዬ። ጭስ ሲሞላው ሌላ ነገር እንደሚሆን፣ ብትወርድም ላትተርፍ እንደምትችል አውቃለሁ፤ ሁሉንም አውቃለሁ። ግን አጭር ነው።

የዚያን ዕለት በሬን ዘግቼ ተኛሁ፤ ሳልነቃ ነጋልኝ። ያን ሁሉ ጊዜ የለመንኩት እንቅልፍ ነበር። ስነሳ ግን ደስ አላለኝም፤ ተናደድኩ። እኔ እንቅልፌን አገኘሁ፤ እሷ ያገኘችው ነገር የለም።

እህቴን ሳሚልኝ፤ ብትቀየመኝም ትቀየመኝ። አክስቴን ስለ ወገብ ሕመሟ መጨነቄን ንገሪልኝ። ታላቅ ወንድሜን ከነባለቤቱ፣ ልጆቹን አንድ በአንድ ሰላም በይልኝ። ለአባባ ደግሞ እግሩን እንደሳምኩ ንገሪውና፣ ጎረቤት በመጣ ቁጥር ልጄ የሰው ነፍስ አዳኝ ናት ማለቱን እንዲተው ለምኚልኝ። ጫማ አዳይ ናት ይበል። ሁሉም በልኩ ይወስዳል፣ ማንም አይሞትም።

የምትወድሽ ልጅሽ

ከተከራየኋት ክፍል፣
ሐሙስ፣ ጥቅምት 21 ቀን