ቢጫ ቆቧን ያጣሁበት ዓመት

መስከረም 5
እሁድ። አዲስ ዓመት፣ አዲስ ቆጠራ። መናፈሻው በር ላይ ተገናኘን። እኛ ወፍ ተመልካቾች ብዙ አይደለንም፣ አንድ ሚኒባስ ይበቃናል። ያለፈው ዓመት ወፍ አይቆጠርም። ሁሉም ከዜሮ ይጀምራል፤ ቁራም ብትሆን እንደገና መታየት አለባት።

ታናሼ አዲስ የሩቅ ማያ መነጽር ይዛ መጣች። የእኔን የሚያስንቅ። አምና እኮ "እትዬ፣ እሁድ እሁድ ይደብረኛል፣ ይዘሽኝ ሂጂ" ብላ ለምና ነው የገባችው። መነጽር ገልብጣ ይዛ "ሁሉ ነገር ሸሸኝ" ያለች ሴት! ዛሬ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ጄኔራል መስላለች።

እርግብ፣ ቁራ፣ ድንቢጥ፣ ጭላት... ሁሉም ተገኙ። ቢጫ ቆቧ የምንላት ትንሽ ወፍ ብቻ ቀረች። ግድ የለም። እሷ የቤት ልጅ ናት፤ የት ትሄዳለች?

ጥቅምት 3
ታናሼ ቢጫ ቆቧን አየች። እኔ አጠገቧ ቆሜ!

"እትዬ፣ ያቻትና! ከላይ፣ ከጥዱ ጫፍ!"

ቀና አልኩ። ጥድ። ሰማይ። ሌላ ጥድ።

"ውይ... ሄደች።"

ሄደች? ወይስ መጀመሪያም አልነበረችም? አውራ ጣት የምታክል ወፍ ናት፣ አናቷ ላይ ቢጫ መስመር ያላት። ከጥድ ጫፍ መውረድ አትወድም እንጂ በየመናፈሻው ሞልታለች። ብርቅ አይደለችም። በየዓመቱ ደግሞ መጀመሪያ የማያት እኔ ነኝ። ሌላው ገና መነጽሩን ሲወለውል "እዚያ ናት" የምለው እኔ!

ቆጠራውን የሚይዙልን ጋሼ ፋርማሲስቱ የታናሼን እጅ ጨበጡ። "ጎበዝ! እህትሽን ቀደምሻት።" እኔም አጨበጨብኩ። ፊቴ ምን ይመስል እንደነበር እንጃ።

ቀናሁ። ምን እደብቃለሁ፣ ለራሴ ነው የምጽፈው።

ኅዳር 20
ማተሚያ ቤት። የወረቀት መቁረጫው ቀኑን ሙሉ ሲደበድበን ዋለ። ፎርማኑ እንደ ልማዱ መጥቶ ጆሮውን እያሳየ ጮኸብኝ። "መከላከያሽን አድርጊ!" መከላከያው ምስማር ላይ ተሰቅሎ አቧራ ለብሷል። ያልበኛል፣ ፀጉሬንም ይጨፈልቀዋል። ይኸው ስንት ዓመት ያለ እሱ ሠራሁ፤ ምን ሆንኩ?

ስመለስ በመናፈሻው በኩል ዞርኩ። ብቻዬን፣ ለማንም ሳልናገር። አንገቴ እስኪደርቅ አንጋጠጥኩ። የለችም።

ታኅሣሥ 6
ታናሼ ማንቆርቆሪያ ገዝታልኝ መጣች። "ሲፈላ ያፏጫል፣ እትዬ። ውሃ ጥደሽ መርሳት አበዛሽ።"

መርሳት አበዛሽ! አሮጊት አደረገችኝ እኮ።

ከሄደች በኋላ ጣድኩት። አላፏጨም። ውሃው ተንኖ አልቆ ቂጡ ከሰለ። የእሷ ነገር እንዲህ ነው፣ ማስታወቂያ ብቻ። አልነገርኳትም። ሌላ ልትገዛልኝ ነው ደግሞ?

ጥር 18
ሁሉም አዩዋት። ሁሉም! ጋሼ እንኳ፣ በዚያ የጠርሙስ ቂጥ በሚያክል መነጽራቸው። አንዱ "ውይ፣ ስታምር!" ሲል ዘወር እላለሁ። የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ። ሁልጊዜ የሚወዛወዝ ቅርንጫፍ። ዘንድሮ ምን በደልኳት?

ታናሼ መጥታ እጄን ያዘች። "ስሚ፣ እትዬ... ስሚ።" ምኑን ነው የምሰማው? ነፋስ ነው። እያስተማረችኝ መሆኑ ነው። እኔን! እጄን ነጠቅኳት።

የካቲት 9
በህልሜ አየኋት። ታናሼ ትከሻ ላይ ቆማ።

መጋቢት 15
ፀጉሬን ልሠራ ወደ ታናሼ የውበት ሳሎን ሄድኩ። የፀጉር ማድረቂያ ካስክ ውስጥ የተቀመጠች ደንበኛዋ "እህትሽ ወፍ አዋቂ ናት አሉ፤ አንቺስ ትሞክሪያለሽ?" አትለኝም? እሞክራለሁ? እርር ድብን አልኩ። ፈገግ አልኩ። "አልፎ አልፎ" አልኩ።

ታናሼ ከኋላዬ ቆማ ስታበጥረኝ መስታወቱ ውስጥ አፏ ሲንቀሳቀስ አየሁ።

"ምን አልሽ?"

ማበጠሪያውን እንደያዘች ቆማ አየችኝ።

"ምንም።"

ምንድነው እንዲህ ማየት? አዘነችልኝ? እሷ ለእኔ?

ግንቦት 10
አደረግኩት።

ከመናፈሻው ወጥተን ሁላችን ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። ጋሼ እስካሁን ያየነውን እያነበቡ ቢጫ ቆቧ ላይ ሲደርሱ "ከእኛ ሁሉ የቀረሽ አንቺ ብቻ ነሽ" አሉኝ። በቀልድ ነው። ገባኝ። ግን አንደበቴ ቀደመኝ።

"የእሷ ውሸት ነው" አልኩ፣ ወደ ታናሼ እየጠቆምኩ። "ጥቅምት ላይ አጠገቧ ነበርኩ። ምንም ወፍ አልነበረም። ለመታየት ስትል ነው።"

ጋሼ ስኳሩ የሟሟውን ሻይ እንደገና ማማሰል ጀመሩ። "ተይ እንጂ፣ ተይ..."

ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ከልጅነቷ መልስ አጥታ አታውቅም፤ እናታችን "ምላሷ ቀድሟት የተወለደች" ትላት ነበር። አልጮኸችም። ብርጭቆዋን ራቅ አደረገች።

"ተሳስቼ ይሆናል" አለች። "የእኔን ሰርዙት፣ ጋሼ።"

ሰረዙት። በኋላ ቢጫ ቆቧን ያየችባቸውንም ቀናት ጭምር፣ እሷው ናት ሰርዙት ያለችው።

አሸነፍኩ ማለት ነው። ታዲያ ሻዬን ሳልጨርስ የተነሳሁት ለምንድነው?

ሰኔ 15
ታናሼ እሁድ መምጣት ተወች። ሥራ በዛብኝ አለች አሉ። ለእኔ አይደለም ያለችው፣ ለጋሼ።

ይሻላል። አሁን ማንም ከጎኔ ቆሞ "ያቻትና" አይልም።

ቢጫ ቆቧን ግን አሁንም አላየኋትም። በማን ላሳብብ?

ነሐሴ 14
ባለቤቴ ከመንገድ ተመለሰ። ከባድ መኪና ነው የሚነዳው፤ ከሄደ ይሰነብታል። ሻይ አማረኝ አለ። ሌላው ቆሻሻ ስለነበር ያንን የታናሼን ማንቆርቆሪያ ጣድኩ። ምድጃው አጠገብ ቆሜ ሽንኩርት ስከትፍ... ከመታጠቢያ ቤት ሳሙናው ፊቱ ላይ እንዳለ እየሮጠ ወጣ።

"አንቺ ሴትዮ! አታወርጂውም እንዴ? ጆሮዬን በሳው እኮ!"

"ምኑ?"

ማንቆርቆሪያውን አየ። እኔን አየ። አወረደው። ትንሽ ቆይቶ መልሶ ጣደው።

"አሁንስ?"

ከማንቆርቆሪያው አፍ ቀጭን እንፋሎት ይወጣል። ጸጥ ብሎ።

"አሁንስ፣ የኔ እመቤት?"

እንዲህ ብሎ ጠርቶኝ አያውቅም። ያኔ ደነገጥኩ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

ለካ... ቢጫ ቆቧን በዓይኔ ቀድሜ አግኝቻት አላውቅም። ያ ቀጭን "ሲ፣ ሲ፣ ሲ" ይመጣል፣ አንገቴ ራሱ ይዞራል፣ ከዚያ አያታለሁ። ሰምቼ እንደምዞር እንኳ ልብ ብዬ አላውቅም። ዓይኔ የተባረከ ይመስለኝ ነበር! ከማሽኑ ጋር ስኖር፣ ሳይታወቀኝ፣ ጆሮዬ ቀስ እያለ ሄደ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል ስለ ሐሜት ብቻ ይመስለኝ ነበር።

"ስሚ፣ እትዬ" ስትለኝ እኮ...

ነሐሴ 15
ሳሎኑ እስኪዘጋ ውጭ ጠበቅኳት።

"ታውቂ ነበር?"

"ከመስታወቱ ቀን ጀምሮ።"

"ምን ነበር ያልሽው?"

ሳቋ መጣ። "በሹክሹክታ 'እትዬ፣ ፀጉርሽ በእሳት ተያይዟል' አልኩሽ። ንቅንቅ ሳትዪ 'ምን አልሽ?' አልሽኝ።"

እኔም ሳቅኩ። ከዚያ አለቀስኩ፣ መንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ።

"ታዲያ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ውሸታም ስልሽ..."

"ምን ልበል? እህቴ አትሰማም ልበል? እዚያ ሰው ሁሉ እያየሽ?" ትከሻዋ ላይ የቀረውን የሳሎን ፎጣ አጣጠፈች። ዘረጋችው። መልሳ አጣጠፈች። "ከፍቶኝ ነበር ግን። በጣም ነው የከፋኝ፣ እትዬ።"

ፎጣውን ተቀብያት አጣጠፍኩላት።

ነሐሴ 27
ሐኪሙ ጋ ሄድን፣ እሷም አብራኝ። ማሽኑ ነው አለ። የሄደው አይመለስም፤ የቀረው እንዲተርፍ ጆሮሽን ሸፍኚ። ዛሬ መከላከያውን ከምስማሩ አውርጄ አቧራውን ጠረግኩ። ፎርማኑ አየኝ። ምንም አላለኝም፣ እግዜር ይስጠው።

ጳጉሜ 2
የዓመቱ የመጨረሻ እሁድ። ታናሼን ከቤቷ ሄጄ አመጣኋት። መናፈሻው በር ላይ፣ ሁሉም ቆመው ሳሉ፣ ዝርግፍ አደረግኩት።

"እሷ አልዋሸችም። እኔ ነኝ ቀጭን ድምፅ የማልሰማ። ቀንቼ ነው ያን ሁሉ የተናገርኩት። የሰረዛችሁትን መልሱላት።"

ጋሼ ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። "የእኔም የግራው ጆሮ እኮ ጌጥ ነው" አሉ። ሰው ሳቀ።

ጥዶቹ ሥር ቆምን። ታናሼ ግራ እጄን ያዘች። ቆየን። ከዚያ ጣቷ መዳፌን መታ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ለስለስ አድርጋ። በአገጯ ወደ ላይ ጠቆመችኝ። በአንድ እጄ መነጽሬን አነሳሁ። ቅርንጫፍ... ቅርንጫፍ... ጣቷ እንደገና መታ።

ያቻትና!

ቢጫው መስመር ገና አሁን የተቀባ ይመስላል። አፏን ከፈተች። ዘጋች። ከፈተች። አንገቷ ሥር ያለው ላባ ይርገበገባል። ምንም ድምፅ የለም። ጋሼ "መዘገብኩልሽ" አሉኝ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው።

ታናሼን በጎን አየኋት። ዓይኗን ጨፍናለች። ወፏን አታያትም እንኳ፤ ትሰማታለች፣ የምትሰማውን መዳፌ ላይ ትመታዋለች። ቀናሁባት። ዛሬም ቀናሁባት፣ እንዲያውም ከመቼውም የበለጠ። እጄን ግን አልነጠቅኳትም።