የስሜነህ ጋቢ

ኖርዌይ፣ ኅዳር 1998

እትዬ አየለች፣ ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርዎት።

እዚህ በበረዶ ወራትም በትንሽ ጀልባ ባሕር ላይ ይቀዝፋሉ። ትናንት ልጄ ሳምሪ ለመቅዘፊያ ልብስ ስትመርጥ ሻጩ የጥጥ ሹራቧን ነካ አድርጎ፣ «ለአየሩ ሳይሆን ለውሃው ልበሺ። ጥጥ ሲርስ ይከብዳል፤ ሱፍ ይሻልሻል» አላት።

«ጋቢስ?» ብዬ አስጠየቅኩ።

«እማዬ፣ በጋቢ ልታስቀዝፊኝ ነው?» ብላ ሳቀች።

እኔ የታየኝ የእኛ ላህ ወንዝ ነው፤ ያ የነሐሴ ጠዋት፣ የእርጥብ ሣሩ ሽታ። ባለቤቴ ስሜነህ ወደ እርስዎ ሊመጣ ሲነሳ እንዳይበርደው ጋቢውን አንገቱ ሥር ሁለቴ ቋጠርኩለት። «እንደ ሙሽራ ሸፋፈንሽኝ» አለኝ። ዋና እየቻለ የሞላው ወንዝ ወሰደው። አስከሬኑ ሲወጣ ቋጠሮው አልተፈታም ነበር፤ ማንም ሳያይ ፈታሁት።

እርስዎ «ምነው ባላስጠራሁት» እያሉ አሥራ ሦስት ዓመት ሲያለቅሱ ዝም አልኩ። ጥፋቱ የእርስዎ ጥሪ አይደለም፤ የእኔ ቋጠሮ ነው። ካርዱ ፖስታ የለውም፤ መንገድ ላይ ያነበበውም ይወቀው።

ቦታው አለቀ። ልጆቹን ይሳሙልኝ፤ ለጎረቤት ሁሉ ሰላም ይበሉልኝ።

ይድረስ ለስሜነህ እህት፣ ለእትዬ አየለች፣ ቡሬ።